የሰማያዊዋ ሳጥን ነገር

 

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ የነበረ ልጅ በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ቲቸር እንደምን ሰነበቱ? አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር» ብሎ ጀመረ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ለአንድ ደንበኛ የሽያጭና የንብረት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ሠርቶ ጨርሷል። የቀረው ውል መፈረም ነው። ውሉ ላይ «ኮዱ በሙሉ የሻጩ የራሱ ሥራ ነው፤ የሌላ የማንም መብት የለበትም» የሚል አንቀጽ አለ። ሶፍትዌሩ ውስጥ ግን ደረሰኙን ፒዲኤፍ አድርጎ የሚያወጣውን ክፍል እነሱ አልጻፉትም። በጂፒኤል ላይሰንስ የተለቀቀ፣ ከኢንተርኔት የወረደ ላይብረሪ ነው። «ኦፕን ሶርስ ነው እኮ ቲቸር፣ ነፃ ነው። ደግሞ ኮምፓይል ተደርጎ ነው የሚሄደው፤ ማን ያየዋል?»

ወዲያው መመለስ አቃተኝ። «ኦፕን ሶርስ ማለት ነፃ ማለት ነው፤ ውሰዱ፣ ተጠቀሙ» ብዬ ያስተማርኩት እኔው ነኛ! ያኔ ሊኑክስን በሲዲ እያባዛን ስንከፋፈል፣ ኮፒ ማድረግ ስርቆት ያልሆነበት ሶፍትዌር መኖሩ ራሱ ለእኔ ትልቅ የምሥራች ነበር። ላይሰንስ የሚለውን ፋይል ግን አንድ ቀን እንኳ ክፍል ውስጥ ከፍተን አንብበን አናውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ያነበብኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የቆየ ዕዳ ነው። ለልጁ በግል ልመልስለት አስቤ ነበር፤ ግን ያኔ ክፍል ውስጥ የነበራችሁት ብዙ ናችሁ። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የምጠራቸው ዓመቶች አንዱ ሲቀር ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የፕሪንተሩን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቶሎ ልለፈው። በ1980 አካባቢ ኤምአይቲ በሚገኘው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ላቦራቶሪ ውስጥ ዜሮክስ የሠራው ሌዘር ፕሪንተር ነበር። ወረቀት እየያዘ ያስቸግራል። ሪቻርድ ስቶልማን የሚባለው ፕሮግራመር ከዚያ በፊት የነበረውን ፕሪንተር ሶፍትዌሩን አስተካክሎ፣ ወረቀት ሲይዝ ለሚጠብቁት ሰዎች መልእክት እንዲልክ አድርጎት ነበር። አዲሱንም እንዲሁ ላድርገው ቢል ሶርስ ኮዱ አልተሰጣቸውም። ኮዱ አለው የተባለ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ሰው ጋ ሄዶ ቢጠይቅ ሰውዬው ላለማካፈል ውል ፈርሟልና እምቢ አለው። ስቶልማን ያቺን እምቢታ አልረሳትም። በመስከረም 1983 ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት አወጀ፤ በ1984 መጀመሪያ ሥራውን ለቀቀ።

የሰውዬው ትልቁ ፈጠራ ግን ሶፍትዌር አይመስለኝም፤ ላይሰንሱ ነው። የቅጂ መብት ሕግ ያለ ደራሲው ፈቃድ ማባዛት፣ ማሻሻልና ማከፋፈል አይቻልም ይላል። ኩባንያዎች በዚህ ሕግ በር ይዘጉበታል። ስቶልማን ደግሞ በዚያው ሕግ በሩ ተከፍቶ እንዲቀር አደረገ። በ1989 የወጣው፣ በ1991 የተሻሻለው ጂፒኤል የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ተጠቀምበት፣ ቀይረው፣ ከፈለግህም ሽጠው (አዎ፣ መሸጥ አይከለክልም፤ ይህን ስንቴ እንደተጠየቅሁ!)። ነገር ግን ለሌላ ሰው ስትሰጥ፣ አንተ ያገኘኸውን መብት ሁሉ እሱም ያግኝ። ሶርስ ኮዱን አብረህ ስጠው፤ ወይም ሲጠይቅህ እንደምትሰጠው ቢያንስ ለሦስት ዓመት የሚጸና ቃል በጽሑፍ ስጠው። በዚህ ኮድ ላይ ቀጥለህ የሠራኸውም በዚሁ ላይሰንስ ይሂድ።

ይህን ባታደርግስ? ሁለተኛው የጂፒኤል እትም ፈቃድህ በራሱ ይቋረጣል ይላል። ከዚያ በኋላ አንተ ያለ ፈቃድ የሰው ድርሰት የምታባዛ ሰው ነህ፤ በሕግ ዓይን የተሰረቀ ሲዲ ከሚያዞር ሰው አትለይም። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የመጣው የቢኤስዲ ላይሰንስ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ውሰድ፣ ቀይር፣ ዝጋው፣ ሽጠው፤ ስማችንን ብቻ አታጥፋ ነው የሚለው። አፕል የማክን ሲስተም ሲሠራ ከቢኤስዲ ቤተሰብ ብዙ ወስዷል። የሶኒ ፕሌይስቴሽን 4 ሲስተምም የተመሠረተው በፍሪቢኤስዲ ላይ ነው። ማንም አልከሰሳቸውም፤ የሚያስከስስ ነገር የለማ። እና የእኔ ስህተት እዚህ ላይ ነበር፦ ሁለት የማይመሳሰሉ ውሎችን «ኦፕን ሶርስ» በሚል አንድ ስም ጠርቼ አሳለፍኳችሁ።

አሁን ተማሪዬ የጠየቀኝን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቀውን ሰው ላስተዋውቃችሁ። ስቲቭ ጆብስ ነው።

ጆብስ በ1985 ከአፕል ወጥቶ ኔክስት የሚባል ኩባንያ አቋቋመ። የኔክስት ሶፍትዌር የሚጻፈው ኦብጀክቲቭ ሲ በሚባል ቋንቋ ነበር፤ ስለዚህ ኮምፓይለር ያስፈልጋል። በ1987 የወጣው የስቶልማን ጂሲሲ ደግሞ ጥሩ ነው፣ ሶርሱም ክፍት ነው። የኔክስት ሰዎች በጂሲሲ ላይ የራሳቸውን የኦብጀክቲቭ ሲ ክፍል ቀጠሉበት። የጨመሩትን ግን መክፈት አልፈለጉም። ስቶልማን ራሱ በኋላ እንደጻፈው፣ ጆብስ አንድ ዘዴ ይዞ መጣ፦ ጂሲሲን እንደ ሕጉ ክፍት አድርገን እንስጥ፤ የእኛን ክፍል ግን ለብቻው፣ ኮምፓይል የተደረገውን ኦብጀክት ፋይል ብቻ እንስጥ፤ ሁለቱን የሚያገጣጥመው ተጠቃሚው ራሱ ይሁን። እኛ ያጣመርነው ነገር የለም ለማለት ነው።

የሚገርመው፣ ስቶልማን መጀመሪያ ይቻላል ብሎ ነበር። በኋላ ጠበቃውን ጠየቀ። የጠበቃው መልስ ያልጠበቀው ሆነ፦ ዳኛ እንዲህ ያለውን ነገር ማምለጫ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ሁለቱ ቁራጭ በእርግጥ አንድ ፕሮግራም ከሆኑ፣ በሁለት ፖስታ ስለተላኩ ሁለት አይሆኑም። ስቶልማን ተመልሶ ለጆብስ አይሆንም አለው። ኔክስትም የኦብጀክቲቭ ሲ ክፍሉን በጂፒኤል ለቀቀው።

ይህ ታሪክ ደስ የሚለኝ ማንም ሳይከሰስ ማለቁ ነው። አፕል ኔክስትን መግዛቱን በታኅሣሥ 1996 አሳወቀ፤ ከዚያ በኋላ የማክ ፕሮግራሞች ለብዙ ዓመት በዚያው ጂሲሲ ነው ኮምፓይል የተደረጉት። በ2007 ሦስተኛው የጂፒኤል እትም ሲወጣ ግን አፕል አልወደደውም። በሁለተኛው እትም ስር በወጣው በመጨረሻው ጂሲሲ፣ በ4.2፣ ላይ ቆመ፤ ገንዘቡንም ኤልኤልቪኤም እና ክላንግ ለሚባሉት፣ ላይሰንሳቸው ልል ለሆነው ኮምፓይለሮች አፈሰሰ። ማክ ያላችሁ ሰዎች ታውቃላችሁ፤ ባሽ የሚባለው ፕሮግራም 3.2 ላይ ቀርቶ ኖረ፤ በ2019 በዚሽ እስኪተካ ድረስ። ያልተሻሻለው በስንፍና አልነበረም፤ ላይሰንስ ነው። አፕል ያደረገው ሁሉ ሕጋዊ ነው፦ ወረቀቱን አነበበ፣ አልተስማማውም፣ የሚስማማውን ሠራ። ገንዘብ ያለው እንዲህ ያደርጋል። ሦስት ሆነው ቤት ውስጥ የሚሠሩ ልጆች ኮምፓይለር አይጽፉም፤ ማንበቡን ግን ማንም አይከለክላቸውም።

አሁን ወደ ሰማያዊዋ ሳጥን እንምጣ። ሁለት አንቴና ከኋላዋ ያላት፣ ፊቷ ሰማያዊ ገላዋ ጥቁር የሆነች ራውተር። የሊንክሲስ ደብልዩ አር ቲ 54 ጂ። ኔትወርክ የሠራችሁ ሰዎች ፈገግ እንዳላችሁ ይታየኛል።

ገበያ ላይ የወጣችው በ2002 መጨረሻ ነው። ርካሽ ነች፣ ዋይፋይ አላት፣ በደንብ ትሠራለች። በመጋቢት 2003 ሲስኮ ሊንክሲስን በ500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚገዛ አስታወቀ፤ ግዢው በሰኔ ተጠናቀቀ። በዚያው በሰኔ አንድ ሰው የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች በሚጻጻፉበት የኢሜይል መድረክ ላይ አንድ ነገር ተናገረ፦ የዚህችን ራውተር ፈርምዌር ከፍቼ ባየው ውስጡ ሊኑክስ ነው፤ ሌሎች የጂፒኤል ፕሮግራሞችም አሉበት፤ ሶርስ ኮዱ ግን የትም የለም።

ልብ በሉ። «ኮምፓይል ተደርጓል፣ ማን ያየዋል» የተባለው ነገር ገና ገበያ ላይ በወጣ በስድስት ወሩ ታየ። ኮምፓይል የተደረገ ፋይል ውስጥ ጽሑፎች እንዳሉ ይቀራሉ፤ የፋይል ስሞች፣ የስህተት መልእክቶች፣ የስሪት ቁጥሮች። እነሱን የሚያወጣው ትእዛዝ አንድ ቃል ነው። እኔ ራሴ በሁለተኛው ሴሚስተር አስተምሬያችኋለሁ።

ጥፋቱ የማን ነበር? ሊንክሲስ ሳጥኗን በስሙ ሸጠ እንጂ ቺፑ የብሮድኮም ነው። ብሮድኮም ደግሞ ፈርምዌሩን ባሕር ማዶ ላለ ሌላ ሠሪ ሰጥቶ ነበር ያሠራው። በኋላ ኮዱ ሲለቀቅ የታይዋኑ ሳይበርታን ስም ውስጡ ተጽፎ ተገኘ። አንዳንዶቹ ፋይሎች ላይ እንዲያውም «ይህ ያልታተመ፣ የግል ንብረት የሆነ ሶርስ ኮድ ነው» የሚል ማስታወቂያ አለ፤ ከጂፒኤል ፋይሎች ጎን ለጎን። ሲስኮ ሊንክሲስን ሲገዛ ይህን ሁሉ ሰንሰለት አብሮ ገዛ። እና ተጠያቂ የሆነው ማን ነው? ሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ያለው፣ ስሙ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው። ላይሰንሱ «አላወቅሁም፣ አቅራቢዬ ነው ያደረገው» የሚል ሰበብ አይቀበልም። ያከፋፈለው ሁሉ አከፋፋይ ነው።

የፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ፍርድ ቤት አልሄደም፤ ንግግር ጀመረ። በዚያው ዓመት በበጋ ሊንክሲስ ኮዱን መልቀቅ ጀመረ። መጀመሪያ ጎደሎ ነበር፤ ሰዎች ይህ ጎድሏል፣ ያ አይሠራም እያሉ ቀስ በቀስ ተሟላ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሊንክሲስ ያሰበው አይመስለኝም። ሰዎች ራውተሯን በራሳቸው ኮድ መሙላት ጀመሩ። እንዴት ይገባባት እንደነበር ልንገራችሁ፤ ደስ የሚል ጉድ ነው። ማስተካከያ ገጿ ላይ ፒንግ መሞከሪያ ነበር፤ አድራሻ የሚጻፍበት ሳጥን። ያ ሳጥን የተጻፈበትን ሳያጣራ ለሲስተሙ ያስተላልፋል። ከአድራሻ ይልቅ ትእዛዝ ስትጽፉበት ትፈጽመዋለች! በዚያ ቀዳዳ ገብተው፣ ስትነሳ ለጥቂት ሰከንድ አዲስ ፈርምዌር እንድትጠብቅ አደረጓት። አራት ሜጋባይት ፍላሽ፣ አሥራ ስድስት ሜጋባይት ራም ያላት ሳጥን ውድ ራውተሮች የሚሠሩትን መሥራት ጀመረች፦ ቪፒኤን፣ የትራፊክ ቅደም ተከተል ማውጣት፣ ሌሎች ራውተሮችን በገመድ አልባ ማያያዝ፣ የአንቴናውን ኃይል ከፍ ማድረግ። ኦፕንደብልዩአርቲ የተጀመረው በ2004 መጀመሪያ ነው። ስሙ ውስጥ ያሉት ሦስት ፊደሎች ከዚህችው ሳጥን ስም የመጡ ናቸው።

ኮዱ ነፃ ወጣ ማለት ደግሞ ሁሉም ተፋቀረ ማለት አይደለም። ስቪሶፍት የሚባል ቡድን የተሻሻለውን ፈርምዌር በዓመት 20 ዶላር ለሚከፍሉ አባላት መስጠት ጀመረ። መክፈሉን ጂፒኤል ይፈቅዳል። ነገሩ የከረረው ከፍሎ የወሰደው ሰው ለሌላ ሲሰጥ ከአባልነት እየተባረረ በመምጣቱ ነው። መብቱን ተጠቀምክ ብሎ ሰውን ማባረር ይቻላል ወይ? ጠበቆቹ ዛሬም አይስማሙም። በዚህ የተናደዱ ሰዎች ከስቪሶፍት ኮድ ተነሥተው የራሳቸውን አወጡ፤ ዲዲደብልዩአርቲ የመጣው እንዲህ ነው።

ሊንክሲስስ? በ2005 አምስተኛውን እትም ሲያወጣ ሊኑክስን አስወጥቶ ቪኤክስወርክስ የሚባል ዝግ ሲስተም አስገባ። ፍላሹን ወደ ሁለት፣ ራሙን ወደ ስምንት ሜጋባይት ቀነሰ። ሲስተሙ ሲያንስ ማስታወሻው ያንሳል፣ ወጪውም ይቀንሳል። ገዢዎች ግን አሮጌዋን ፈለጉ። ስለዚህ ሊንክሲስ ያቺኑ አሮጌ ሳጥን መጨረሻዋ ላይ ኤል የሚል ፊደል ጨምሮ እንደገና ለገበያ አቀረባት፤ ኤል ለሊኑክስ መሆኑ ነው። በ2016 ሊንክሲስ ከዚያች ሳጥን አሁንም ሚሊዮኖች እያገኘ እንደነበር ሲጻፍ አነበብኩ። ከአሥር ዓመት በላይ ዕድሜ ያላት፣ በቴክኖሎጂ አርጅታለች የተባለች ራውተር! የሚገዟት ኮዷን ስለሚያውቁት ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ባበቃው ጥሩ ነበር፤ «ክፍት ኮድ አሸነፈ» ብዬ። ግን አንድ ነገር አልተከፈተም። የዋይፋይ ድራይቨሩ።

ብሮድኮም ሬዲዮውን የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል ኮምፓይል የተደረገ ፋይል አድርጎ ብቻ ሰጠ። ያ ፋይል ደግሞ የተሠራው ለሊኑክስ 2.4 ከርነል ነበር። ዓለም ወደ 2.6 ሲሄድ እነዚህ ራውተሮች ለዓመታት 2.4 ላይ ታስረው ቀሩ። ከርነሉ በሙሉ ክፍት ነው፤ አንዲት የተዘጋች ፋይል ግን ሌላውን ሁሉ ይዛ አስቀረችው። በኋላ ሰዎች የብሮድኮምን ሬዲዮ ባሕርይ ከውጭ እያጠኑ ክፍት ድራይቨር ጻፉለት፤ ብዙ ዓመት የፈጀ ልፋት ነው።

ይህ ዝግ ድራይቨር ሕጋዊ ነበር? ጥያቄው ሊኑክስን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲከተለው የኖረ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ ከረጅም ጊዜ በፊት የሰጠው ሐሳብ አለ፦ አንድ ድራይቨር ወይም የፋይል ሲስተም መጀመሪያ ለሌላ ሲስተም የተጻፈ ከሆነና በኋላ ወደ ሊኑክስ የመጣ ከሆነ፣ ከሊኑክስ የተወለደ ነው ማለት ያስቸግራል። ምሳሌው ኤኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሲስተም ነበር። ለሊኑክስ ብሎ፣ የሊኑክስን ሆድ ዕቃ እያየ የተጻፈ ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚህ በኋላ ከርነሉ ውስጥ ሞጁል ሁሉ ላይሰንሱን እንዲናገር ተደረገ። ዝግ ሞጁል ስትጭኑ ከርነሉ «ተበክሏል» የሚል ምልክት በራሱ ላይ ያደርጋል፤ አንዳንድ ተግባሮችንም ለጂፒኤል ሞጁሎች ብቻ ይፈቅዳል። ኤንቪዲያ በዚህ ድንበር ላይ ሃያ ዓመት ያህል ከተጓተተ በኋላ በግንቦት 2022 የከርነል ሞጁሎቹን ክፍት አድርጎ ለቀቀ።

ስለዚህ ድንበሩ ሁልጊዜ ጥርት ያለ አይደለም። ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ዲስክ ላይ አብረው መሄዳቸው ብቻ አያጋባቸውም፤ ጂፒኤል ራሱ ይህን ይላል። አንዱ ሌላውን እንደ ተለየ ፕሮግራም ጠርቶ ውጤቱን ቢቀበልም አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። አንድ ላይ ሊንክ ተደርገው፣ አንዱ የሌላውን ተግባር ከውስጥ እየጠራ እንደ አንድ አካል ሲሠሩ ግን ጆብስ የተሰጠው መልስ ይመጣል። ለላይብረሪዎች ተብሎ የወጣው ኤልጂፒኤል ይህን ለማላላት ነው የተጻፈው። የተማሪዬ ላይብረሪ ግን ኤል የለውም።

«ይሁን፣ ግን በፍርድ ቤት የተረጋገጠ ነገር አለ?» የምትሉ አላችሁ። አለ። በ2004 ሃራልድ ቬልተ የሚባል ጀርመናዊ የከርነል ሠሪ ኮዱን ያለ ሶርስ የሸጠ የራውተር ኩባንያ ላይ ሙኒክ ውስጥ የእግድ ትእዛዝ አወጣ። በ2007 ቢዚቦክስ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ሠሪዎች አሜሪካ ውስጥ ከሰሱ፤ በአንድ ወር ገደማ በስምምነት አለቀ። ሲስኮም አልዳነም። ከመጀመሪያው ንግግር በኋላ በሌሎች ምርቶቹ ችግሩ ስለቀጠለ፣ በታኅሣሥ 2008 ፋውንዴሽኑ ከሰሰው። በግንቦት 2009 ሲታረቁ ሲስኮ ገንዘብ ሰጠ፤ ሊንክሲስ ውስጥም ይህን ጉዳይ ብቻ የሚከታተል ኃላፊ ለመሾም ተስማማ።

ለእኔ ትልቁ ግን የመጫወቻ ባቡር ክስ ነው። አዎ፣ የመጫወቻ ባቡር። ሮበርት ጃኮብሰን የፊዚክስ ሰው ነው፤ በትርፍ ጊዜው ከሌሎች ጋር የሞዴል ባቡር መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በክፍት ላይሰንስ ይሠራል። በዚሁ ገበያ ሶፍትዌር የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ለፓተንቴ ክፈል ብሎ ጠየቀው። ጃኮብሰን ሲከራከር ቆይቶ፣ ይኸው ሰው የእሱን ፋይሎች ወስዶ፣ የሠሪዎቹን ስም ትቶ፣ በራሱ ዝግ ሶፍትዌር ውስጥ እንዳስገባቸው ተደረሰበት። የታችኛው ፍርድ ቤት ይህ ቢበዛ የውል መጣስ ነው ብሎ እግድ ከለከለ። በነፃ የተሰጠ ነገር ላይ ምን ኪሳራ ይቆጠራል? በነሐሴ 2008 ግን የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ገለበጠው። የላይሰንሱ ቃሎች ምኞት ሳይሆኑ የፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ ናቸው፤ እነሱን ካላከበርክ ፈቃድ የለህም፤ ፈቃድ ከሌለህ የቅጂ መብት ጥሰሃል አለ። ደግሞም ገንዘብ ያልተጠየቀበት ነገር ዋጋ የለውም ማለት አይደለም አለ። በ2010 ሰውዬው 100,000 ዶላር ሊከፍል ተስማምቶ ተጠናቀቀ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ ይህ ነበር።

«ይህ የእነሱ አገር ነው» እንዳትሉኝ። የእኛም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች ውስጥ ይቆጥራል። (ቅድም አንዱ ሲቀር ያልኩት ዓመት ይህ ነው። ሲሰላ ከሙኒኩ እግድና ከኦፕንደብልዩአርቲ መጀመር ጋር በአንድ ዓመት ላይ ይወድቃል።)

ክፍትና ዝግ ተስማምተው የሚኖሩበትም ቦታ ሞልቷል፤ ምናልባት ይህን የምታነቡበት ስልክ ራሱ አንዱ ነው። አንድሮይድ ከሆነ ከርነሉ ጂፒኤል ነው፤ ከላይ ያለው አብዛኛው ክፍል አፓቼ ላይሰንስ ነው፤ ከዚያ በላይ ዝግ አፕሊኬሽኖች ይደረደራሉ። ኖቶ የሚባለው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ደግሞ በኦፕን ፎንት ላይሰንስ ነው የሚለቀቀው፤ ከማንኛውም የሚሸጥ ሶፍትዌር ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ብቻ ነው የተከለከለው። ፊደላችን በየቤቱ የገባው በዚህ ዓይነት ውል ነው።

ስለ ክላውድ ዝርዝር ውስጥ አልገባም፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። ጂፒኤል የሚነሣው ፕሮግራሙን ለሌላ ስትሰጡ ስለሆነ፣ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ አገልግሎቱን ብቻ መሸጥ ያመልጠዋል። ኤጂፒኤል ያንን ለመድፈን መጣ። በ2018 የሞንጎዲቢ፣ በ2021 የኢላስቲክ የላይሰንስ ለውጥ የመጣውም ከዚያው ጠብ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። የጻፍኩለት ይህንን ነው። አንደኛ፣ ላይብረሪውን የሠሩት ሰዎች ማይኤስኪውኤል እንዳደረገው በሁለት ላይሰንስ ይሸጡ እንደሆነ እይ፤ ከሸጡ የንግዱን ግዛና በዋጋህ ውስጥ አስገባው። ካልሆነ በኤምአይቲ ወይም በአፓቼ ላይሰንስ የወጣ ሌላ ፈልገህ ተካው፤ ፒዲኤፍ የሚያወጣ አይጠፋም። ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ሦስተኛ መንገድ አለ። ጂፒኤል ሶርስ ኮድህን ለዓለም ሁሉ ዘርግፍ አይልህም፤ ፕሮግራሙን ለሰጠኸው ሰው ስጥ ነው የሚልህ። ደንበኛህ አንድ ነው። ሶርሱን ከነመብቱ ለእሱ ብትሰጠው ላይሰንሱን አክብረሃል። ያቺ የውል አንቀጽ ግን በዚህ መንገድ ልትጸና አትችልም፤ መጻፍ ያለባት እንደገና ነው። ዝም ብሎ መፈረም ብቻ ነው የማይሆነው፤ ነገ ሌላ ፕሮግራመር ፋይሉን ከፍቶ ቢያሳየው፣ የሚጠየቀው ያንን ላይብረሪ የጻፈው ሰው አይደለም፤ ስምህ ያለበት ውል ነው።

በማግሥቱ መልስ መጣ። «ቲቸር፣ ጓደኞቼ ሦስተኛውን አልወደዱትም። ደንበኛው ሶርሱን ይዞ ወደ ሌላ ፕሮግራመር ይሄድብናል አሉ።» አየህ፣ ፍርሃታችሁ ከመጀመሪያውም ላይብረሪው አልነበረም አልኩት። ሳቀ። «ላይብረሪውን እየቀየርነው ነው፤ ሁለት ሳምንት ይፈጅብናል። የጨነቀን ለደንበኛው ምን ብለን እንደምናዘገየው ነው።»

ያለውን ነገር ንገሩት አልኩት። ካነበበው በኋላ እስካሁን አልመለሰልኝም።